ሁለት ቤት፣ አንድ ወሬ ነጋሪ

ለዛሬ የመረጥነው ጉዳይ በብዙ ቤት የሚታወቅ፣ በጥቂት ቤት ብቻ ጮክ ተብሎ የሚነገር ነው። እንጀራ ፍለጋ አገር ጥሎ የወጣ ባል ሚስቱንና ልጆቹን በቀዬው ትቶ፣ በሄደበት አገር ደግሞ ሌላ ሴት፣ ሌላ ልጅ፣ ሌላ ጎጆ ይዞ ስለሚኖርበት ሁኔታ እንነጋገራለን። ነገሩ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንደኛው «ድሮም ጠባዩ ነው» ብሎ ጥፋቱን ሁሉ በሰውዬው ላይ ይደፈድፋል። ሁለተኛው «ስደት ነው፤ ምን ያድርግ?» ብሎ ሰውዬውን ከደሙ ንጹሕ ያደርገዋል። የዛሬው ንግግር ከሁለቱም ጋር አይስማማም። ባልና ሚስትን የሚያራርቃቸው አብዛኛውን ጊዜ ድህነትና የባዕድ አገር ሕግ መሆኑ እውነት ነው። መራራቅ ግን በራሱ ውሸት አይደለም። መራራቁን ወደ ድርብ ኑሮ የሚለውጠው፣ ከተለወጠም በኋላ ዐሥርና ሃያ ዓመት ዕድሜ የሚሰጠው፣ በሁለቱ ቤቶች መካከል ወሬ የሚያመላልሰው ሰው አንድ ብቻ መሆኑ፣ ያም ሰው ባልዬው ራሱ መሆኑ ነው።

ከጆሃንስበርግ እንነሣ። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚገኙባት ይህች ከተማ ገና ከጥንስሷ በተከፈለ ቤተሰብ ጫንቃ ላይ የተሠራች ናት። በዊትዋተርስራንድ ወርቅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ወርቁ ብዙ ቢሆንም በጥልቀት የተቀበረ፣ በድንጋዩም ውስጥ በስሱ የተበተነ ስለነበር ያለ ርካሽ ጉልበት አያዋጣም። የማዕድን ኩባንያዎቹ ከሞዛምቢክ፣ ከሌሶቶ፣ ከማላዊና ከደቡብ አፍሪካ ከራሷ ገጠሮች ወንዶችን በኮንትራት እየመለመሉ ሴት በማይገባበት የጋራ ማደሪያ ግቢ ያስገቧቸው ነበር። ስሌቱ ግልጽ ነው። ሠራተኛው ብቻውን ከመጣ የሚከፈለው ለአንድ አፍ ነው፤ ልጅ ማሳደጉ፣ የታመመ ማስታመሙ፣ ሽማግሌ መጦሩ በገጠር በቀረችው ሚስት ላይ ይወድቃል። እስከ 1986 የዘለቀው የይለፍ ወረቀት ሥርዓት ደግሞ ሚስት ባሏን ተከትላ ከተማ እንዳትገባ በሩን ዘጋባት። በዚህም የተነሣ በከተማው ዳርቻ ሰፈሮች ሁለተኛ ቤት የያዘው ብዙ ሆነ፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ ወደ ቀዬው መመለሱን ጨርሶ የተወውም ጥቂት አልነበረም።

የሠራተኛውን ጉልበት ፈልጎ ቤተሰቡን የማይፈልግ ሕግ በደቡብ አፍሪካ ብቻ የታየ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1875 ባወጣችው ሕግ የቻይና ሴቶች እንዳይገቡ በተግባር ከለከለች፤ በ1882 ደግሞ የቻይና ሠራተኞችን መግባት ራሱን አገደች። በ1890 በተደረገው ቆጠራ በአገሪቱ ለነበረች አንዲት ቻይናዊት ወደ 27 የሚጠጉ ቻይናውያን ወንዶች ተቈጥረዋል። ካናዳ ከ1903 ጀምሮ አብዛኛውን ገቢ ቻይናዊ 500 ዶላር ታስከፍል ነበር፤ ለአንድ የቀን ሠራተኛ ይህ ሚስቱን ማምጣትን የማይታሰብ ያደርገው ነበር። በዘመናችንም የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሠራተኛ ቤተሰቡን ለማስመጣት ቢያንስ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ድርሃምና መኖሪያ ቤት ያለው ደመወዝ እንዲኖረው ትጠይቃለች። ከዚያ በታች የሚያገኘው ግንበኛና የጽዳት ሠራተኛ ኮንትራቱ እስኪያልቅ ብቻውን ይኖራል። እንግዲህ «ስደት ነው» የሚለው ሰው ግማሽ እውነት ይዟል። ቤተሰብ ሳይፈልግ እንዲከፈል የሚያደርግ፣ በቢሮ ታስቦ የወጣ ሕግ አለ።

ግማሽ እውነት ያልኩት፣ አንድ ዓይነት ርቀት በተለያየ ቦታ የተለያየ ውጤት ስላመጣ ነው። ከደቡብ ቻይና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደቦች ለንግድ የወረዱ ወንዶች በሄዱበት ሁለተኛ ሚስት ማግባታቸው የተለመደ ነበር፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ቤቶች አንዱ ስለ ሌላው ያውቁ ነበር። ወደ ራሳችን ታሪክ ስንመጣም የሲራራ ነጋዴው በደረሰበት ገበያ፣ ወታደሩም በተመደበበት ጠረፍ የደሞዝ ጋብቻ ይፈጽም ነበር። ይህ ጊዜው የተወሰነ፣ ለሴቲቱ የሚከፈላት በምስክር ፊት የተነገረ፣ የሚወለደውም ልጅ አባቱ የታወቀ ውል ነበር። እንዲህ ያለው ሥርዓት ይመለስ ማለቴ አይደለም፤ ለሴት የሚበጅ ሥርዓት አልነበረም። ነገር ግን አንድ ነገር ያሳየናል፤ ባል ርቆ መሄዱም፣ በሄደበት ሌላ ቤት መያዙም አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ በየቤቱ የሚያቃጥለው አንደኛዋ ቤት የሌላዋን መኖር ሳታውቅ ዕድሜዋን መግፋቷ ነው።

ምስጢሩ ሲሰበር ምን እንደሚሆን ደግሞ ከኒው ዮርክ እንማራለን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ አሜሪካ ከጎረፉት ሁለት ሚሊዮን ያህል አይሁዳውያን መካከል ብዙዎቹ ባሎች ቀድመው ሄደው የመርከብ ቲኬት ለሚስታቸው መላክ ነበረባቸው። አብዛኞቹ ላኩ። ከፊሎቹ ጠፉ፤ ስማቸውን ቀይረው በሌላ ከተማ ሌላ አገቡ። በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ ባል የፍቺ ጽሑፍ በእጇ ካልሰጣት ሚስት ሌላ ማግባት ስለማትችል፣ የተተወችው ሴት ከባልም ከመበለትነትም ሳትሆን ትቀራለች። በዪዲሽ ቋንቋ ይታተም የነበረው ፎርቨርትስ ጋዜጣ የጠፉትን ባሎች ፎቶግራፍ ከነስማቸውና ከነመልካቸው ምልክት ማውጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1911 ደግሞ ጥለው የጠፉ ባሎችን የሚፈልግ ብሔራዊ ቢሮ ኒው ዮርክ ውስጥ ተቋቋመ፤ በሺዎች የሚቈጠሩ ጉዳዮችንም ያዘ። ጋዜጣውና ቢሮው ወንዶቹን በመገሠጽ ብቻ አልተወሰኑም። ከባልዬው አፍ የማያልፍ ሌላ የወሬ መንገድ ከፈቱ። የጠፋው ባል በቺካጎ ሲጋራ የሚገዛበት ሱቅ ባለቤት ጋዜጣውን የሚያነብ ከሆነ መደበቂያው ጠበበ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1915፣ ከጣሊያን ወደ 14 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ወጥቷል። በደቡቡ ክፍል ባሎቻቸው በሕይወት እያሉ ብቻቸውን የቀሩትን ሚስቶች ሰዉ «ነጭ መበለቶች» ይላቸው ነበር። ጣሊያን ፍቺን በሕግ የፈቀደችው በ1970 በመሆኑ፣ ቦነስ አይረስ ሁለተኛ ቤት የሠራ ባል የመጀመሪያውን ጋብቻ አፍርሶ እውነቱን መናገር ቢፈልግ እንኳ ሕጋዊ በር አልነበረውም። ይህ ታሪክ በእኛም ምድር አልፏል። ወደ ኤርትራና ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ጣሊያናውያን ወታደሮችና ሠራተኞች ሚስታቸውን በአገራቸው ትተው ከአገሬው ሴት ጋር ይኖሩ ነበር። የፋሺስቱ መንግሥት በሚያዝያ 1937 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነት አብሮ መኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ አደረገው፤ ያሳሰበው የሚስቶቹ መከዳት አልነበረም፣ የዘር መቀላቀል ነበር። በ1940 ያወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ አባትየው የወለደውን ልጅ እንዳይቀበል ከለከለ። ጣሊያኖቹ ሲወጡ በአሥመራም በአዲስ አበባም በሌላም ከተማ ያባታቸውን ስም በወረቀት ማረጋገጥ የማይችሉ ልጆች ቀሩ። በሮምና በፓሌርሞ የነበሩት ሚስቶች ስለ እነዚህ ልጆች የሚነግራቸው ማን ነበር?

አሁን ወደ ዛሬዋ ጆሃንስበርግ እንመለስ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ከሐዲያና ከከምባታ፣ በተለይ ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ፣ ብዙ ወጣቶች በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አቆራርጠው ደቡብ አፍሪካ ገብተዋል። ከተማው መሐል በጄፒ ጎዳና የሐበሻ ገበያ ተመሥርቷል፤ አዲስ የመጣው ግን ብዙ ጊዜ «ሎኬሽን» ወደሚሉት የድሆች ሰፈር ወጥቶ ብርድ ልብስና መጋረጃ በዱቤ እያዞረ ይሸጣል። በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው የስደተኞች ሕግ ጥገኝነት ጠያቂ ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ጉዳዩ ሳይወሰን ግን ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ መሐል «አገሬ መኖር ያሰጋኛል» ብሎ የጠየቀ ሰው ሚስቱን ለመጠየቅ ወደ አገሩ ቢመለስ ጥያቄውን በገዛ እጁ ያፈርሳል። ሚስቱን በሕጋዊ መንገድ ማምጣትም ቀላል አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር በመጤዎች ላይ በተነሣው ሁከት 62 ሰዎች ተገድለዋል፤ ሱቁ በተዘረፈ ቁጥር የአገሬው ሰው ዘመድ መሆን የሚሰጠው ከለላ ይታየዋል። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ከአገሬው ሴት ጋር የሚጀመር ትዳር አንዱ ለወረቀት፣ ሌላው ለሱቁ ደኅንነት፣ ሌላው ብቸኝነት ስለበዛበት፣ ሌላው በእውነት ወድዶ የሚገባበት ነው። ለወረቀት ተብሎ የተጀመረው ልጅ ሲወለድበት ምን ይሆናል? ልጅ በወረቀት ብቻ አይወለድም፤ አባቱን ይጠራል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ያለቅሳል። ሰውዬው ክፉ ባይሆንም እንኳ ሁለት ቤት በእጁ ላይ ቆሟል።

ስለ ወረቀት ከተነሣ በአሜሪካና በአውሮፓ ያለውን ልዩ ችግር ሳናነሣ ማለፍ አይገባም፤ በእኔ አስተያየት በጉዳዩ ሁሉ ውስጥ ብዙ ሴቶችን የጎዳው ይህ ነው። በዲቪ ሎተሪ ማመልከቻ ላይ ሚስትንና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆችን ሁሉ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ያልጻፈ ሰው ዕድሉን ሊያጣ ይችላል። በሌላም መንገድ ቢሆን «አላገባሁም» ብሎ የገባ ሰው በዚያ አገር መዝገብ ሚስት የለውም። ቆይቶ ሊያስመጣት ቢፈልግ መጀመሪያ የዋሸውን ማጋለጥ ይሆንበታል። ለቢሮ የተነገረው ውሸት በዚህ መንገድ ቤት ይገባል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሚስት በዓመት በተወሰነ ኮታ ስለምትጠብቅ ዓመታት ይፈጅባታል፤ የዜጋ ሚስት ግን ኮታ የለባትም። ስለዚህ አንዳንዱ አቋራጭ ይፈልጋል፤ ወደ ቤቱ ደውሎ «ለወረቀት ሲባል እንፋታ፣ እዚያ የምታወጣኝን አግብቼ ስጨርስ እወስድሻለሁ» ይላል። ለወረቀት ሲባል ማግባት በአሜሪካ ሕግ እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑን ለጊዜው እንተወው። ሚስት የምትፈርምበት ፍቺ ግን ለወረቀት የሚባል ፍቺ አይደለም። በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የጸደቀ ፍቺ በምንም ምክንያት ቢፈረም ውጤቱ አንድ ነው፤ ከዚያ ዕለት ወዲያ ባል የሚያፈራው ሀብት የጋራ መሆኑ ይቀራል፣ እርሱም ነጻ ሰው ነው። ቃሉን ቢጠብቅ እሰየው። ባይጠብቅ ግን ልትከሰው የምትችልበት ትዳር የላትም፤ እንዲህ ሆኖ የተያዘው ሁለተኛ ቤት በሕግ ዓይን የመጀመሪያና ብቸኛ ቤቱ ነው። ለሁለት ዓመት የታሰበ ዘዴ የአንዲትን ሴት ሙሉ ዕድሜ ሊበላ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «ይህ የደብዳቤ ዘመን ነገር ነው፤ ዛሬ ኢሞ አለ፣ ቴሌግራም አለ፣ ዋትስአፕ አለ፤ ባል በየቀኑ በምስል ይታያል፤ ምስጢር የት ይደበቃል?» ይባላል። ስልክ ርቀቱን እንዳቀለለው አይካድም። ይሁን እንጂ ስልኩ የሚያሳየው ባልዬው ሊያሳይ የፈለገውን ነው። መቼ እንደሚያነሣ፣ ከየትኛው ግድግዳ ፊት እንደሚቆም፣ መቼ «ሥራ ላይ ነኝ» እንደሚል የሚወስነው እርሱ ነው። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትዘገይ የሰዓቱ ልዩነት ራሱ ለማንኛውም ዝምታ ምክንያት ይሆናል። በሌላ በኩል ሚስት የምትኖረው በእናቱ፣ በወንድሞቹና በጎረቤቱ መሐል ነው። የት ሄደች፣ ማን መጣባት፣ ገንዘቡን ምን አደረገችው የሚለው ሁሉ በዚያው ስልክ ይደርሰዋል። እርሷን ሃያ ሰው ያያታል፤ እርሱን ግን ከእርሷ ወገን የሚያየው አንድም ሰው የለም። እንዲያውም ስልኩ ይህን ሚዛን ያባሰው ይመስለኛል፤ በደብዳቤ ዘመን ሚስት አለማወቋን ታውቅ ነበር፣ ዛሬ ግን ፊቱን በየማታው ስለምታይ ያወቀች ይመስላታል።

ዝምታውን የሚያጠብቀው ሌላው ነገር ገንዘብ ነው። በየወሩ የሚላከው ብር የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአማት መድኃኒት፣ የቤት ግንባታ ብሎኬት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ከዚያ ስለሚቀምስ «እዚያ ማን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የገዛ እንጀራውን የሚነካ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ እናቱ ያውቃሉ፤ ወንድሙ ያውቃል፤ የማታውቀው እርሷ ብቻ ናት። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከጋብቻ በኋላ ባልና ሚስት በጥረታቸው የሚያፈሩት ገቢ ሁሉ የጋራ ነው፤ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት አንዱ ያለ ሌላው ስምምነት መሸጥ ወይም በመያዣ መስጠት አይችልም። የማታውቀውን ሀብት ግን እንዴት ታስከብራለች? ስለዚህ ባል ውክልናውን የሰጠው ለማን እንደሆነ ማየት ብዙ ይናገራል። በኤምባሲ በኩል የሚላከው ውክልና ለወንድም ከሆነ፣ ቦታው በወንድም ስም ከተገዛ፣ ቤቱም በእህት ስም ካርታ ከወጣለት፣ ሚስት የአንድ ቤት ጠባቂ ናት እንጂ የትዳር ባለቤት አይደለችም። ነገሩ ሁልጊዜ ክፋት ነው አልልም፤ ለጥንቃቄ ብለው የሚያደርጉት አሉ። ሆኖም ጥያቄው በጊዜ ቢጠየቅ ማንንም አይጎዳም።

«ወንዱን ብቻ ለምን ትከስሳላችሁ? ዛሬ ወደ ዓረብ አገር ከሚሄዱት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ሴቶች አይደሉም ወይ?» የሚል አድማጭ ይኖራል፤ ልክ ነው። በሳዑዲ፣ በኩዌትና በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አንዲት እናት ባሏንና ልጆቿን ትታ ሄዳ በላከችው ብር ባል እዚሁ ሌላ ሴት ይዞ ሲገኝ ጉዳዩ ይገለበጣል፤ ተጓዧ ሴት ናት፣ ድርብ ኑሮው ያለው ግን አገር ቤት ነው። ይህ ክርክሬን የሚያፈርስ አይደለም፤ ያጠናክረዋል። ምክንያቱም በዚህም ጊዜ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ገንዘቡ ወሬ የሚነግራት አንድ ሰው፣ ባሏ ብቻ ነው። ድርብ ኑሮ የሚያቆጠቁጠው በሄደው ወይም በቀረው ወገን በኩል መሆኑ ያን ያህል አያሳስብም፤ ወሬው በማን እጅ ብቻ እንደቀረ ማየት ነው።

ከእስልምና እምነት ተከታዮች ወገን ደግሞ «ሃይማኖታችን ከአንድ በላይ ማግባትን ይፈቅዳል፤ ይህ ድርብ ኑሮ አይባልም» የሚል ክርክር ይቀርባል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 651 ሕግ በሚቀበለው ሃይማኖታዊ ወይም ባህላዊ ልማድ መሠረት የተፈጸመውን ለይቶ ያያል። ነገር ግን የሃይማኖቱ ፈቃድ በሚስቶች መካከል ፍትሕ ማድረግን ቅድመ ሁኔታ አድርጎ የተሰጠ ነው፤ ኒካሑም በምስክሮች ፊት የሚፈጸም እንጂ የሚደበቅ አይደለም። በአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ስለ መኖሯ እንኳ ያልተነገራት ሴት ፍትሕዋን ማን ይመዝንላት? የዑለማዎቹን ሥራ ለዑለማዎቹ ትቼ፣ ምስጢሩና ፈቃዱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብቻ አነሣለሁ።

በእኛ ዘንድ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ገበና ነው። «የሰው ትዳር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? አይቼ እንዳላየሁ ባልፍ ይሻላል» ይላል በዋሽንግተን ወይም በጆሃንስበርግ ከባልዬው ጋር በአንድ እድር ያለው ጓደኛው። የሰውን ገበና መሸፈን ትልቅ ባህላችን ነው፤ ሐሜትም ትዳር ያፈርሳል። ሆኖም መሸፈን ለማን እንደሆነ እናስተውል። ገበና ስንሸፍን የሚጠቀመው የተጎዳው ወገን መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ ግን በዝምታው የሚጠቀመው የበደለው ነው፣ የሚጎዱት ደግሞ ሁለት ሴቶች ናቸው። ሁለተኛዋም ሴት ብዙ ጊዜ አታውቅም። የወንጀል ሕጋችን ይህን በሚገባ አይቶታል። አንቀጽ 650 በጋብቻ ላይ ሌላ ጋብቻ የፈጸመን በቀላል እስራት ይቀጣል፤ ሰውዬው ያገባ መሆኑን ደብቆ ሁለተኛዋን ካሳሳተ ግን ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ሕጉ ከመደረቡ ይልቅ መዋሸቱን አከበደው። ልጆቹ በአንጻሩ ምንም ጥፋት የለባቸውም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት አለው። ስለዚህ ለጓደኛው የሚሆነው መንገድ በየቡና ቤቱ ማውራትም ዝም ማለትም አይደለም። ሰውዬውን ለብቻው ይዞ «አንተ ንገራት፤ ካልነገርካት ስትጠይቀኝ አልዋሻትም» ማለት ሐሜት አይባልም። የሚስቲቱ ወንድም ወይም የንስሐ አባቷ በቀጥታ ሲጠይቁ «አላውቅም» የሚለው ግን ገበና ሸፋኝ ሳይሆን የውሸቱ ተካፋይ ነው።

ሌላም አለ፤ ዝም ያለ ባል ሁሉ የከዳ ባል አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት ኮንቴነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። በዚህ መንገድ ከሄደ ሰው ወሬ ሲቋረጥ ሚስት «ሞቷል ወይስ ረስቶኛል?» እያለች ዓመታት ትቆጥራለች። እዚህም ላይ ሕጉ መውጫ አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሁለት ዓመት ወሬው የጠፋ ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ሲታወጅ ጋብቻው ይፈርሳል። በሕይወት እንዳለ እየታወቀ ከተዋት ደግሞ ብቻዋን የፍቺ አቤቱታ ማቅረብ ትችላለች፤ አድራሻው ካልታወቀ ፍርድ ቤቱ በጋዜጣ ጥሪ እንዲደረግለት ሊያዝ ይችላል። ብዙ ሴቶች «እርሱ ካልመጣ ምን አደርጋለሁ?» ብለው የሚቀመጡት ይህን ባለማወቅ ነው።

ከሕንዷ የኬረላ ግዛት ልምድም አንድ ነገር እንውሰድ። የኢኮኖሚ ተመራማሪዋ ሊላ ጉላቲ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመችው መጽሐፍ ባሎቻቸው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሄዱባቸውን የኬረላ ሴቶች ኑሮ አጥንታለች፤ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ራሳቸው እጅ የመጣላቸው ሴቶች ባንክ መግባትን፣ ሒሳብ መያዝን፣ ለቤተሰቡ መወሰንን እንደተማሩ ያሳያል። ባል ቀድሞ የሚሄድ ከሆነ ከመሄዱ በፊት ሊደረግ የሚገባው ከዚህ ይጀምራል። የሚላከው ገንዘብ በሚስት ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ። ቤት የሚሠራ ወይም ቦታ የሚገዛ ከሆነ በሁለቱም ስም ይሁን። የፓስፖርቱ ቁጥር፣ የሚሠራበት ቦታና የሁለት ሰዎች ስልክ ቁጥር በእጇ ይኑር፤ ከሁለቱ አንዱ ከእርሷ ወገን የሆነ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ታማኙን ባል ይህ አያስቀይመውም፤ ነገ ታምሞ ቢወድቅ የሚጠቅመው ለራሱ ነው። ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቶችም ተጓዡን መርቀው ሲሸኙ ስለ እነዚህ ነገሮች ቢጠይቁ ከምርቃቱ የሚቀንስ ነገር የለም።

ከሁሉ በፊት ግን ጋብቻው ይመዝገብ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የጋብቻ ምዝገባ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአገሪቱ ሁሉ በቀበሌና በወረዳ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤቶች ይሰጣል፤ በውጭ አገር ያሉትም በኢትዮጵያ ኤምባሲዎች ማስመዝገብ ይችላሉ። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድም ሆነ በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ይመዘገባል። ያልተመዘገበ ጋብቻንም ፍርድ ቤት በምስክሮች ሊያረጋግጠው ይችላል፤ ይሁን እንጂ ምስክሮች ያረጃሉ፣ ይሞታሉ፣ አንዳንዶቹም ከሚላከው ብር ይቀምሳሉ። ባለቤትዎ ለመጓዝ እየተሰናዱ ከሆነ፣ ቲኬቱ ከመቆረጡ በፊት ሁለታችሁም መታወቂያችሁንና ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ ወደ ቀበሌያችሁ ወይም ወደ ወረዳችሁ ሂዱ፤ የምስክር ወረቀቱንም ዋናው ቅጂ እዚህ በምትቀረዋ እጅ ይሁን።